የጋሽ ሉልሰገድ መራራ ውሃ

ጋሽ ሉልሰገድ ባለፈው ጥቅምት አረፉ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ የአሰብ ሰው፣ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ የነበረ ይመስለኛል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ያን ሁሉ ጂን ጠጥተው ሰማንያ ዓመት ማለፋቸው ይገርማል» አለኝ። እኔም «ይገርማል» አልኩት። ልቅሶ ቤት ክርክር ደስ አይልም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንዲያ ብዬ ማለፌ ቆጨኝ። እኚህን ሰው በማያውቁት ነገር ከምናስታውሳቸው፣ የማውቀውን ልጻፍ ብዬ ተነሣሁ።

የተዋወቅነው በሰማንያዎቹ መገባደጃ አሰብ ውስጥ፣ ካምፖ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ነው። እኔ ወደብ በር አጠገብ በነበረ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። እሳቸው እዚያው ቢሮ ለመርከቦች ስንቅ የሚያቀርበውን ክፍል ይይዙ ነበር። በጎልማሳነታቸው መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆነው ብዙ አገር አይተዋል። ረጅምና ቀጭን ነበሩ። በዚያ ላብ በማያደርቅ ሙቀት እንኳ የሸሚዛቸው ኮሌታ እንደተተኮሰ ይውል ነበር፤ እንዴት እንደሚያደርጉት ጠይቄያቸው «ቀስ ብዬ ስለምራመድ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከባሕሩ ንፋስ መምጣት ሲጀምር፣ በረንዳቸው ላይ ሰው ይሰበሰብ ነበር። ብዙ አይደለንም። አንደኛው ደምሴ ነው፤ የአሰብ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ባለተሳቢ መኪና የሚነዳ፣ ሲመጣ ከባቲ ገበያ አንድ ኩንታል ከረጢት ሙሉ ሎሚ የሚያመጣ ሰው። ሁለተኛው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ከወሎ መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ። ቶኒክ የሚባለውን መራራ ለስላሳ መጠጥ በከተማው የሚሸጡት እሳቸው ነበሩ፤ ከጋሽ ሉልሰገድ በቀር የሚገዛቸው ስላልነበረ የሚያመጡት ለጓደኝነት ነው ማለት ይቻላል። ሐጂ መጠጥ አይነኩም። ጋሽ ሉልሰገድ ለሳቸው ቶኒኩን በበረዶና በሎሚ ብቻ ይቀዱና «ለሐጂ፣ ያለ ኃጢአቱ» ብለው ያቀርቡላቸዋል።

ሐጂም አይተዉአቸውም። «እኛ አገር ሰው ላይ ጂን ሲገባ በቁርኣን እናስወጣለን። አንተ በየሳምንቱ በጠርሙስ ታስገባለህ።»

«የኔ ጂን በሎሚ ይወጣል፣ ሐጂ።»

አሠራራቸው ቀላል ነበር። ከዚያ የተሻለ እስከ ዛሬ አላየሁም። ብርጭቆው ፍሪጅ ውስጥ ያድራል። በረዶው፣ የራሔይታ ዓሣ አጥማጆች ከሚገዙበት ፋብሪካ በጆንያ ተጠቅልሎ የመጣው፣ በመዶሻ ተሰባብሮ እስከ ብርጭቆው አፍ ይሞላል። «በረዶ የሚሰስት ሰው እንግዳውን ውሃ ያጠጣል» ይሉ ነበር፤ ጥቂት በረዶ ቶሎ ይቀልጣልና። ግማሽ ሎሚ የብርጭቆውን ከንፈር አንድ ጊዜ ዞሮ ይጨመቃል። ከዚያ አንድ ሲኒ ጂን፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተራው። ሲኒዋ ጆሮዋ የተሰበረ ነበረች፤ ሌላ መለኪያ አያውቁም። በመጨረሻ ቶኒኩ፣ ከቀዝቃዛ ጠርሙስ፣ በብርጭቆው ጎን ቀስ ብሎ፣ የሲኒዋን ሦስት እጥፍ። በማንኪያ ከሥር ወደ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት። ደምሴ አንድ ቀን ራሱ ሊሠራ ተነሥቶ ማንኪያውን ሲያሽከረክር አዩትና «ሽሮ አይደለም» አሉት። ጋዙ ይወጣል ማለታቸው ነው።

ሲጨርሱ ብርጭቆውን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ። ሲንሿሿ ከሰሙ «ያወራል» ብለው ይሰጡናል። ካልሰሙ «ሞቷል» ብለው ይደፉታል፤ እንደ አዲስ ይጀምራሉ።

ሐጂ ሱቅ ቶኒክ ሲያልቅ ሌላ መላ ነበራቸው። ስኳር በፈላ ውሃ አሟሙተው ያቀዘቅዛሉ፤ ስኳር እንደወረደ በረዶ ላይ የሚጨምረውን ሰው «የቸኮለ» ይሉታል። የዚያን ሽሮፕ ሁለት ማንኪያ፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ሲኒ ጂንና በረዶ ክዳን ባለው የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና በፎጣ ጠቅልለው፣ ጠርሙሱ እጅ እስኪያቃጥል በቅዝቃዜ ይንጡታል። አጥልለው ሶዳ ይጨምሩበታል። አንዳንዴ ከስኳሩ ጋር የተወቀጠ ዝንጅብል ያፈሉ ነበር፤ እኔ የምወደው ያንን ነው። ለማንም ከአንድ ብርጭቆ በላይ አይቀዱም። ደምሴ ሁለተኛ ሲለምናቸው የሚሉት ይህ ነው፤ «ጂን እንግዳ ነው፣ ቶኒክ ባለቤት ነው። እንግዳው ከባለቤቱ ከበለጠ ቤቱ ይረበሻል።»

ጋሽ ሉልሰገድ ራሳቸው እንደማይጠጡ ያወቅኩት በስሕተት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠረጴዛው ላይ ከአጠገቤ ያለውን ብርጭቆ አንሥቼ ተጎነጨሁ። በረዶ አለ፣ ሎሚ አለ፣ ቶኒኩም አለ፤ ጂን የለም። ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«ጽጌ፣ የያዝሽው የኔን ነው» አሉኝ፣ በቀስታ።

መልሼ አስቀመጥኩ። ሰኞ ቢሮ ስንገናኝ እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ነገሩኝ።

«ካቆምኩ ሰባት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ለሰው ተናገርኩ። አገር ምድሩ ሊያስጀምረኝ ተነሣ። አንዱ ለልጄ ክርስትና ይላል፣ አንዱ ለሹመቴ ይላል፣ አንዲት ብቻ ይላል። ባዶ እጅ ያየ ሰው ሁሉ ሊሞላው ይፈልጋል። ብርጭቆ ከያዝኩ ወዲህ ግን የነካኝ የለም።»

«ታዲያ ለሌላው ለምን ይቀዳሉ?»

«ሌላ ሙያ የለኝም። ደግሞ እኔ ስቀዳ አንድ ነው። ሌላው ሲቀዳ አምስት ነው።»

ለማንም አልተናገርኩም። እሳቸውም አትናገሪ አላሉኝም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ደብዳቤ መጣላቸው። ልጃቸው የሺ ናት የጻፈችው። በመጠጡ ዘመን ሚስታቸው ልጅቱን በስድስት ዓመቷ ይዛ ኮምቦልቻ ገብታለች፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም። አሁን ሃያ አራት ሞልቷታል። ልብስ ስፌት ተምራ ጨርሳለች። ደብዳቤው አጭር ነበር። አባቷን ማወቅ እንደምትፈልግ፣ እንደምትመጣ፣ ሲጠጡ ካየች ግን ባገኘችው መኪና እንደምትመለስና ዳግመኛ እንደማትመጣ ይናገራል። የሚጠራቸው «እርስዎ» እያለ ነው።

መልሱን በታይፕ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ።

«በእጅዎ ቢጽፉት አይሻልም?»

«በእጄ የጻፍኩትን ለእናቷ ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ። በታይፕ ይሁን። ‹ጉዳዩ፦ መጠጥ ስለመተው› ብለሽ ጀምሪ።»

እየቀለዱ መስሎኝ ነበር፤ አልነበሩም። እንዳሉኝ ጻፍኩ። ፈርመው ቀንና ወሩን ጨመሩበት።

የሺ ሰኔ ላይ በደምሴ መኪና መጣች። እንደ አባቷ ረጅም ናት። የበሩ ጉበን ዝቅ ያለ ስለነበር ሁለቱም እኩል አጎንብሰው ሲገቡ አይቻለሁ። የመጣችው ዓርብ ነው፤ ማግስቱ ቅዳሜ ሆነ። ጋሽ ሉልሰገድ ጠዋት በግድግዳው በኩል ጠሩኝ።

«እንግዶቹን ልመልሳቸው ይሆን?»

«ለምን እውነቱን አይነግሯቸውም?»

«ብነግራቸው ለሚመጣው ቅዳሜ አንዱ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ለሷ ጽፌላታለሁ፤ ታውቃለች።»

አላወቀችም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከጓዳ ቆሎ በሳህን ይዛ ስትወጣ አባቷ ብርጭቆ ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቶኒክ ነው፣ ልጄ።»

«ልጅ ሆኜም ‹ውሃ ነው› ይሉኝ ነበር።»

ሳህኑን አስቀመጠችና ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰደች። በምላሷ ጫፍ ብቻ ነካችው። ፊቷ ተኮማተረ።

«እናቴ ‹አባትሽ የሚጠጣው መራራ ውሃ ነው› ትለኝ ነበር። ይኸው መረረኝ።» ከዚያ ወደ ደምሴ ዞረች። «መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ሰኞ ጠዋት» አለ ደምሴ፣ ግራ ገብቶት።

«ጋቢናው ላይ ቦታ ያዝልኝ።»

ጋሽ ሉልሰገድ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ፊታቸውን አይቼ እኔም ወደ ብርጭቆዬ አቀረቀርኩ። በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ልማዴ አይደለም። እሑድ ጠዋት ግን ከሐጂ ሱቅ አንድ ቶኒክ፣ ቆርኪው ያልተነሣ፣ ገዝቼ የሺን ጠራኋት። ፊት ለፊቷ ከፍቼ ቀዳሁላት።

«ይሄን ቅመሺ።»

ቀመሰች። «እሱ ነው። ትናንትና የቀመስኩት።»

«እኔ ነኝ አሁን የከፈትኩት። ከፋብሪካ ሲወጣም መራራ ነው። ጂን የለበትም። አባትሽ የሚጠጡት ይሄን ብቻ ነው።»

ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። «ቶኒክ ይላል። ፋርማሲ የሚሸጥ፣ ደም ላነሰው ሰው የሚሰጥ ሽሮፕ አለ፤ ቶኒክ የሚሉት።»

«ያ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምን ገብቶበት ነው የመረረው?»

መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን አነበብኩ። ኩዊኒን ይላል፤ በኛ አፍ ኪኒን የሆነው፣ የድሮው የወባ መድኃኒት። ሃያ ዓመት ጸሐፊ ነኝ፤ ያነበብኩትን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምናገረው። «ኪኒን ነው» አልኳት።

«ኪኒን?»

«ኪኒን።»

ጠርሙሱን ቀስ ብላ አስቀመጠች። «እትዬ ጽጌ፣ ሰው ደስ ብሎት ኪኒን ይጠጣል?»

ኪኒን በኛ ቋንቋ ሐኪም የሚሰጠው ሁሉ መጠሪያ መሆኑን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። የሺ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጥቂት አሰበች።

«ታመዋል» አለች። «ታመዋል፣ ደብቀውኛል። እኔ ደግሞ በሰው ፊት አዋረድኳቸው።»

ሰኞ ደምሴ ያለሷ ሄደ። እሷ አባቷን ማስታመም ያዘች። የአሰብን የሰኔ ሐሩር ለሚያውቅ ሰው የሚቀጥለውን መናገር አያስፈልግም። ኪኒን ከሆነ ወባ ነው፣ ለወባ ደግሞ ንፋስ አይሆንም ብላ መስኮቱን ዘጋች። ቬንቲላተሩን ነቀለች። ከኮምቦልቻ ለራሷ ያመጣችውን ጋቢ አለበሰቻቸው። ጠዋትና ማታ ትኩስ አጥሚት። እሳቸው ሁሉን እሺ አሉ። ከቢሮ ፈቃድ የጠየቀችላቸውም እሷ ናት።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት የሺ ገበያ ስትወጣ በመስኮቱ ስንጥቅ ጠሩኝ።

«ጽጌ፣ በጤናዬ ልሞት ነው።»

«ይንገሯታ።»

«ካልታመምኩ ለምን እጠጣዋለሁ? መልሱ ለሷ አንድ ነው፤ ጂን አለበት ማለት ነው። ደምሴ ቅዳሜ ይገባል፤ ሰኞ አብራው ትሄዳለች። እዚህ ግን፣» ጋቢውን በአፍንጫቸው አመለከቱኝ፣ «ትናንት አምስት ጊዜ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።»

ያን ሲሉ ላብ በጢማቸው ላይ እየወረደ ነበር። ደስ ብሏቸዋል።

ዓርብ ግን ሌላ ሰው ሆነው አገኘኋቸው። «ትናንት ለኔ ስትጸልይ ሰማኋት» አሉኝ። «ድሮ በውሃ ዋሸኋት፤ አሁን በኪኒን እየዋሸኋት ነው። ምን ተሻሻልኩ?»

ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው፣ ብርጭ቏ቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። ሐጂ መጥተዋል፤ ደምሴም ሎሚውን ይዞ ገብቷል። የሺ ከኋላ «አባባ፣ ንፋስ» እያለች ጋቢውን ይዛ ተከተለቻቸው። እሳቸው ሳይቀመጡ ተናገሩ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጂን ከቀመስኩ ሰባት ዓመቴ ነው። እዚህ ስይዘው የምታዩት ቶኒክ ብቻ ነው።»

ደምሴ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዛሬ ሳንመጣ ጀምረዋል መሰለኝ።»

«አንተ?» አሉ ሐጂ። «አንተ ጂን ካልጠጣህ እኔም ሐጂ አይደለሁም።»

የሺ አልሳቀችም። «አላመመዎትም?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ያን መራራ ማን አዘዘልዎ?»

«ማንም። ስለሚጥመኝ ነው።»

ልጅቱ ጋቢውን ማጠፍ ጀመረች፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ጥንቅቅ አድርጋ። «ደምሴ፣ ሰኞ ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«እውነታቸውን ነው» አልኩ እኔ። በዚያ በረንዳ ሳልጠየቅ የተናገርኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ግን የሺ አልዞረችልኝም። ትክክል ናት፤ ኪኒን ያልኳት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሉልሰገድ የጂኑን ጠርሙስ አነሡ። ክዳኑን ፈቱና ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ እጃቸውን ዘርግተው ሰጧት።

«ቅመሺ አልልሽም። አሽቺው ብቻ።»

አሸተተች። ጠርሙሱን እንደያዘች ቆመች። ጂን መዓዛውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው፤ ይሄን እኔ ከሳቸው ተምሬያለሁ፣ እሷ ግን የነገራት የለም።

«ጥድ ነው» አለች። «ኮምቦልቻ የቤተ ክርስቲያናችን ግቢ በሙሉ ጥድ ነው። እዚያ በገባሁ ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።»

የሺ ጠርሙሱን ከድና አስቀምጣ የአባቷን ብርጭቆ አነሣችና አሸተተች። ሎሚ ብቻ። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ ሲጋራ አጭሷል ተብሎ የተጠረጠረ ልጅ እንደሚሸተት፣ አፋቸው ድረስ ተጠግታ አሸተተቻቸው። እሳቸው እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙላት።

«የለም» አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያቆምከው?»

«አንተ» ስትላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። እሳቸውም ሰምተዋል።

«ሰባት ዓመት ነው አልኩሽ። ጻፍኩልሽ እኮ።»

«ያንን? በታይፕ ተጽፎ፣ ‹ጉዳዩ› እያለ፣ ቀንና ወር ኖሮት? የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በስሕተት የመጣብኝ መስሎኝ ነበር።»

ደምሴ ከሁላችን በላይ ሳቀ። ሐጂ ኑሩ ግን ተቆጡ፣ ወይም የተቆጡ መሰሉ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ እኔና አንተ አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይዘን፣ ለኔ ብቻ ነው ‹ያለ ኃጢአቱ› የምትለኝ?»

«አንተማ ሐጂ ነህ፤ ይታመንልሃል» አሉ ጋሽ ሉልሰገድ። ተቀመጡ።

ወደ ጂኑ እጃቸውን ሲዘረጉ የሺ ቀደመቻቸው። ጠርሙሱንም፣ ጆሮዋ የተሰበረችውን ሲኒም ወሰደች።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄን የምይዘው እኔ ነኝ። አንተ ቶኒኩን ቅዳ።»

እንዲህ ሆነ። በረዶውን ሞላች። ሎሚውን በብርጭቆው ከንፈር አዞረች፤ ባለፈው ቅዳሜ ከጓዳ በር ሆና ማየቷ ነው። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታን ሲኒዋን በየብርጭቆው ላይ ደፋ ደፋ አደረገች። አባቷ ቶኒኩን በጎን በጎን ቀዱ፤ ከሥር ወደ ላይ አንድ አንድ ጊዜ አነሡት፤ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው «ያወራል» አሉ። የኔ ወንበር ግድግዳው ጥግ ስለነበር ከጎን ይታየኛል። የጂኑን ክዳን ፈጽማ አልፈታችውም። ሲኒዋ ደረቅ ነበረች።

ቀምሼ ዝም አልኩ። ጋሽ ሉልሰገድም አዩኝና ዝም አሉ።

ደምሴ በረጅሙ ተጎነጨና ራሱን ነቀነቀ። «የልጅቱ እጅ ከአባቷ ይከብዳል። ራሴን ያዘኝ እኮ። እንዲህ ከሆነ ሰኞ መንዳቴንም እንጃ።»

«ትነዳለህ» አለችው የሺ። «ጋቢናውን ግን ለሌላ ሰው ስጠው።»